አንድ መቶ አሥራ ስምንት

የእናቴን ደም ማሽን ውስጥ ያስገባሁት የማታ ተረኛ በነበርኩበት አንድ የጥቅምት ምሽት ነው። ቱቦው ላይ ስሟን ስጽፍ ምንም አልተሰማኝም። በቀን ብዙ ስም እጽፋለሁ። ስም፣ ዕድሜ፣ ፆታ፣ የካርድ ቁጥር፤ ከዚያ ቱቦው እንደ ሌሎቹ ተራውን ይጠብቃል። ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ የሚባለው ምርመራ እኛ ጋ ሃያ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ሃያውን ደቂቃ ስልኬን ሳገላብጥ አሳለፍኩት።

ስክሪኑ ላይ 118 ወጣ። መለኪያው ፒኮግራም በሚሊ ሊትር ነው። የምንጠቀምበት ወሰን ደግሞ 125። ውጤቱ ከወሰኑ ካለፈ ማሽኑ ከቁጥሩ ጎን ቀይ ቀስት ያደርግበታል። ከእናቴ ቁጥር ጎን ምንም አልነበረም። ወዲያው ደወልኩላት።

«እማዬ፣ ልብሽ ደህና ነው።»

«እሰይ! ተመስገን። እኔስ ብዬሽ ነበር፤ ብርድ ነው።»

«በቃ፣ ሐሳብ እንዳይገባሽ።»

«እንግዲያ ነገ ልጋግር?»

«ጋግሪ፤ ምን ይከለክልሻል።»

ይቺን የመጨረሻዋን ቃል መልሼ መላልሼ ሰምቻታለሁ። አሁንም አንዳንድ ሌሊት እሰማታለሁ።

*

እናቴ ደብረ ብርሃን ላይ እንጀራ እየጋገረች በመሸጥ ነው ሦስታችንን ያሳደገችን። አባቴ የሞተው ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ከዚያ በኋላ ማድቤታችን የቤተሰቡ መሥሪያ ቤት ሆነ። የጭቃ ቤት ነው፤ መስኮት የለውም፤ ያለው አንድ ጠባብ በር ነው። በሩም ቢሆን ብዙ ጊዜ ገርበብ እንዳለ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ኅዳር ላይ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይነጋል። በዚያ ብርድ በር ከፍቶ የሚጋግር የለም። «ንፋስ ከገባ ምጣዱ ይቀዘቅዛል፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም» ትላለች።

የሚነደው የተገኘው ነው። ጭራሮ ሲኖር ጭራሮ፣ ሲጠፋ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ አንዳንዴም ኩበት። ቅጠል ቦግ ብሎ ነዶ ወዲያው ያልቃል። ስለዚህ አንድ ሰው ምድጃው ሥር ተጎንብሶ እየማገደ እፍ ማለት አለበት። አዘቦት ቀን ያ ሰው ራሷ ናት፤ በአንድ እጇ እየማገደች በሌላው እየጋገረች። ቅዳሜና እሑድ እኔ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ስሄድ ፀጉሬም ሹራቤም ጭስ ጭስ ይሸታል። አንድ ልጅ «ጭስዬ» የሚል ስም አወጣልኝና ክፍሉ በሙሉ ተቀበለው። አልቅሼ ስነግራት ማሰሻውን እንደያዘች ሳቀች። «ጭስ መውጫ አያጣም ሲባል አልሰማሽም? አንቺም ትወጫለሽ» አለችኝ።

ወጣሁ። በላቦራቶሪ ሳይንስ ተመርቄ አዲስ አበባ ሥራ ያዝኩ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ለኪስ እያለች በሰው የምትልክልኝን ብር አፍንጫዬ ላይ አድርጌ አሸተው ነበር። ለጓደኞቼ እንደ ቀልድ ነበር የማደርገው። ቀልድ ግን አልነበረም።

ሳሉ መቼ እንደጀመራት ብትጠይቁኝ መመለስ አልችልም። እናቴን ያለ ሳል አላውቃትም። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ቲቢ ይዟት ስድስት ወር መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ወስዳ ድናለች። ትንፋሿ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ኋላ ላይ «አስም ነው» ተባለችና የሚነፋ መድኃኒት ተሰጣት። ሲብስባት ትነፋለች፤ ሲያልቅባት ጤና አዳም በቡና ትጠጣለች። ጎረቤቱ «ብርድ ነው» ይላል፤ እሷም «ብርድ ነው» ትላለች።

በዚያ ጥቅምት የዘመድ ሠርግ ኖሮ አዲስ አበባ መጣች። እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከታች ሆና ደውላ «መጣሁ» ካለችኝ በኋላ በሬን እስክታንኳኳ ሩብ ሰዓት አለፈ። ወጥቼ ሳያት ሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላለች።

«ምነው እማዬ?»

«ኧረ ምንም። ወፍጮ ቤት ስሄድም እንዲሁ ነኝ፤ ሦስት ቦታ አርፋለሁ።»

«ዕድሜ ነው» አልኳት። ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በነጋታው ከመሄዷ በፊት ሶፋው ላይ አስቀምጬ ደሟን ቀዳሁ። ሐኪም አላየችም፤ ማንም ምርመራ አላዘዘላትም። እኔ ምርመራውን አውቀዋለሁ፤ ማሽኑም እጄ ላይ ነው፤ በቃ።

*

ይህ ምርመራ የሚለካውን ነገር ታሪክ ተማሪ ሳለሁ በጣም እወደው ነበር። ሐኪሞች ልብን ለረጅም ዘመን እንደ ፓምፕ ብቻ ነበር የሚያዩዋት። እ.ኤ.አ. በ1981 ካናዳ ውስጥ አዶልፎ ደ ቦልድ የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ከአይጦች ልብ የላይኛ ክፍል ጭማቂ አውጥቶ ሌሎች አይጦችን ወጋቸው። አይጦቹ ብዙ ሽንት ሸኑ፤ ከሽንቱም ጋር ብዙ ጨው ወጣ። ልብ ለካ ደም መግፋት ብቻ ሳይሆን ለኩላሊት መልእክትም ትልካለች። በ1988 ደግሞ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች የዚህን ንጥረ ነገር የቅርብ ዘመድ ከአሳማ አንጎል ውስጥ አገኙ። ከአንጎል ስላገኙት ስሙን በአንጎል ጠሩት፤ ቢኤንፒ የምንለው ላይ ያለችው «ቢ» «ብሬይን» ናት። ኋላ ሲጣራ በዋናነት የሚመረተው ልብ ውስጥ ሆኖ ተገኘ። ስሙ ግን እንደወጣ ቀረ።

አሠራሩን ለአዳዲስ ተለማማጆች ሳስረዳ በደብዳቤ እመስለዋለሁ። የልብ ግድግዳ ጫና በዝቶበት ሲለጠጥ ሕዋሳቱ 108 አሚኖ አሲዶች የተቀጣጠሉበት አንድ ሰንሰለት ይሠራሉ። ሰንሰለቱ ሁለት ቦታ ይቆረጣል። ባለ 32ቱ ቁራጭ ደብዳቤው ነው፤ «ጨዉንና ውሃውን ቀንሱልኝ፣ ቧንቧውን አስፉልኝ» ይላል። ባለ 76ቱ ደግሞ ፖስታው ነው፤ ሥራ የለውም። ደብዳቤው በሃያ ደቂቃ ውስጥ ግማሹ ከደም ይጠፋል። ፖስታው ግን ይቆያል። ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ማለት ፖስታው ነው። እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ የምንቆጥረው የተጣሉ ፖስታዎችን ነው።

ይህንን ለሌሎች ሳስረዳ ለራሴ ያላስረዳሁት ነገር ነበር። ፖስታው ላይ የላኪው ስም እንጂ ምክንያቱ አልተጻፈም። ግራ ልብ ተጨንቃም ቀኝ ልብ ተጨንቃም ያው ፖስታ ነው። ኩላሊት ሲደክም ፖስታው ይጠራቀማል፤ ዕድሜ ሲገፋ ይጨምራል፤ ልብ ምቷ ሲዘበራረቅ ይጨምራል፤ ሰውነት ሲወፍር ደግሞ ያንሳል። ከሁሉም በላይ፣ ፖስታ አለመኖሩ ቤቱ ውስጥ ችግር የለም ማለት አይደለም። ልብ ገና እየቻለችው ከሆነ አትጽፍም።

*

ከዚያ ስልክ በኋላ እናቴ 118ን እንደ ክታብ ይዛው ዞረች። ጎረቤት «ምነው ትንፋሽሽ?» ሲላት «ልጄ ደሜን በማሽን አይታዋለች፤ ልቤ ደህና ነው» ትላለች። ወንድሜ «ሐኪም ቤት እንሂድ» ሲላት ያንኑ ትላለች። «እሷ ካንተ አታውቅም?» ብላ ዝም ታሰኘዋለች።

እኔም ተመችቶኝ ነበር። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ልብሽ ታሟል ማለት ምድጃውን ተዪ ማለት ነው። ምድጃውን ተዪ ማለት ደግሞ የወንድሜን የኮሌጅ ክፍያ፣ የእሷን ቀለብ፣ የቤቱን ወጪ እኔ እሸከማለሁ ማለት ነው። ያን ጊዜ ደሞዜ ከቤት ኪራይ ተርፎ ወር አያደርሰኝም። 118 ለእናቴ የምሥራች ከመሆኑ በፊት ለእኔ ፋታ ነበር። ደሙን የቀዳሁት ለማወቅ ነው ብዬ አምን ነበር። አሁን ግን የቀዳሁት ላለማወቅም ጭምር ይመስለኛል።

በማግሥቱ ዓመት፣ ጥር ላይ፣ ጥምቀት ደረሰ። እናቴ ታቦት ልትሸኝ ወጣች። ሲመለሱ ዳገቱ ላይ ቆመች፤ ከዚያ ተቀመጠች፤ ከዚያ ነጠላዋን ወደ ኋላ ጥላ ጋደም አለች። ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። ወንድሜ ሲደውልልኝ የሚናገረው አይያያዝም ነበር። «እግሯን ብታይው…» ብሎ ዝም አለ።

በኮንትራት መኪና ይዟት መጣ። እግሯን አየሁት። ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት አብጧል። በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ስለቀው ጣቴ ያረፈበት ቦታ ጎድጉዶ ቀረ። ልክ እንደ ሊጥ። ጣት ላይ የሚሰካውን ኦክስጅን መለኪያ ሰካሁላት፤ 79 አለ። በደጋ ሰው ላይ ቁጥሩ ትንሽ ዝቅ እንደሚል አውቃለሁ። 79 ግን ትንሽ ዝቅ ማለት አይደለም።

*

ሐኪሙ ወሬ የማያበዛ ሰው ነበር። ምንም ሳይነካት መጀመሪያ ጠየቃት።

«እማማ፣ ስንት ዓመት ጋገሩ?»

«ሠላሳ ቢሆነኝ ነው።»

«በቀን ስንት ሰዓት?»

«ኧረ ማን ቆጥሮት። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት እነሣለሁ፤ ፀሐይ ሞቅ ስትል እጨርሳለሁ።»

«ጭሱ በየት ነበር የሚወጣው?»

«በበሩ ነዋ!» አለች፤ ጥያቄው ሞኝ ጥያቄ ሆኖባት።

ያን ሁሉ ዓመት እኔ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ጠይቄያት አላውቅም። ምን ብዬ እጠይቃለሁ? መልሱን አብሬያት ኖሬዋለሁ።

ከዚያ የትንፋሽ ምርመራ፣ ራጅ፣ ሲቲ ስካን፣ ኢኮ። አስም የተባለው አስም ብቻ አልነበረም። ቲቢው ጥሎት የሄደው ጠባሳ አለ፤ በላዩ ላይ ደግሞ ሲኦፒዲ የሚባለው የአየር ቧንቧ በሽታ፣ በአጫሾች ላይ የሚታየው። እናቴ ሲጋራ በእጇ ነክታ አታውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓመት ሦስት ሚሊዮን ገደማ ሰው እንደሚሞት ይገምታል። ይህንን ቁጥር ትምህርት ቤት ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። እናቴ ውስጡ ትኖራለች ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ኢኮው ላይ ሐኪሙ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ቀኙ የልብ ክፍል ከልኩ አልፎ ሰፍቷል። ክብ መሆን የሚገባው ግራ ክፍል በአንድ ጎኑ ተጨፍልቆ እንደ ግማሽ ዳቦ ሆኗል። «የሳንባ የደም ግፊት ነው» አለኝ። ክንድ ላይ የሚለካው ግፊት አይደለም፤ እሱማ ደህና ነበር። ይህኛው ከቀኝ ልብ ወደ ሳንባ በሚሄደው ቧንቧ ውስጥ ያለው ግፊት ነው።

አመጣጡ እንዲህ ነው። በሌላው አካላችን ኦክስጅን ሲያንስ የደም ቧንቧ ይሰፋል። ሳንባ ውስጥ ግን ይጠባል። ይህንን እ.ኤ.አ. በ1946 ፎን ኦይለርና ሊልየስትራንድ የተባሉ ስዊድናውያን ተመራማሪዎች በድመቶች ላይ አሳይተዋል። በጤናማ ሰው ላይ ጥሩ ብልሃት ነው፤ አየር ያጣው የሳንባ ክፍል ቧንቧውን አጥቦ ደሙን አየር ወዳለበት ይመራዋል። ሳንባው በብዙ ቦታ ሲጎዳ ግን የሚመራበት የለም። ሁሉም በአንድ ላይ ይጠባል። ዓመታት ሲያልፉ የቧንቧዎቹ ግድግዳ ይወፍራል፤ ከተጎዳው ሳንባ ጋር አብረው የሚጠፉም አሉ። ደጋ ላይ አየሩ ራሱ ስስ ስለሆነ ይባስበታል። ቀኟ ልብ ደግሞ በተፈጥሮዋ ግድግዳዋ ስስ ነው፤ ለቀላል ሥራ ነው የተፈጠረች። ትገፋለች፣ ትገፋለች፤ ከዚያ ትለጠጣለች። እግር የሚያብጠው ያኔ ነው።

ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒም ታዘዘላት። በዚህኛው ጊዜ ሐኪም ነው ያዘዘው፤ የሠራችውም ባልደረባዬ ናት። እኔ ከማሽኑ ራቅ ብዬ ቆምኩ። 1,460። ቀይ ቀስት።

ኮሪደር ላይ ሐኪሙን ጠብቄ ነገርኩት። «ዶክተር፣ ባለፈው ዓመት ለክቼላት ነበር። 118 ነበር።»

«ማን አዘዘው?»

«እኔ።»

«ምን ልታውቂ ብለሽ?»

ዝም አልኩ። ልወቀስ ነበር የጠበቅኩት። እሱ ግን እየጠየቀኝ ነበር፤ መልስም እየጠበቀ ነበር። መልስ አልነበረኝም። ልቧ ታሞ እንደሆነ ልበል? ሳንባዋ? ለምን ደረጃ ላይ እንደተቀመጠች?

«ቁጥሩ ትክክል ነው» አለኝ ኋላ። «ያኔ ልቧ እየቻለችው ነበር ማለት ነው። አንቺ የጠየቅሽው ልብን ነው፤ የታመመው ግን ሳንባዋ ነው። ግፊቱ ጀምሮ ልብ እስክትጮህ ድረስ ጊዜ አለ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ደም መቅዳት ብቻውን አይበቃም። ሳሏን፣ ጭሱን፣ ቲቢውን፣ ወፍጮ ቤት ስትሄድ የምታርፍበትን አንድ ላይ አድርጎ ያየ ሰው ግን ኢኮ ይልካት ነበር።»

*

ከዚያ በኋላ ባሉት ሌሊቶች እናቴ ኦክስጅን ላይ ሆና ስትተኛ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሳነብ አነጋለሁ።

የሳንባ የደም ግፊትን በእርግጠኝነት መለካት የሚቻለው ቀጭን ቱቦ በደም ሥር አድርጎ እስከ ቀኝ ልብ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ሳንባ ቧንቧ በማድረስ ነው። ልብ ድረስ ቱቦ እንደሚደርስ ያሳየው ቨርነር ፎርስማን የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 በራሱ ክንድ የደም ሥር በኩል ቱቦ እስከ ልቡ አስገብቶ፣ በእግሩ ሄዶ ራጅ ተነሣ። በ1956 ከሁለት ሰዎች ጋር ኖቤል ተሸለመ። ዛሬ በሽታው የሚተረጎመውም በዚሁ መለኪያ ነው፤ አማካዩ ግፊት ከ20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲበልጥ። ቀድሞ 25 ነበር ወሰኑ።

ነገር ግን ላሳለው ሁሉ ልቡ ድረስ ቱቦ አይገባም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ለዓመታት ከክንድ በሚቀዳ ጥቂት ደም ይህንን በሽታ ቀድሞ የሚያሳብቅ ምልክት ሲፈልጉ ኖረዋል። የልብ ጡንቻ ሲጎዳ የሚወጣው ትሮፖኒን ተሞክሯል፤ የደም ቧንቧ የሚያጠበው ኢንዶተሊን ተሞክሯል፤ ሌሎችም። ለዚህ በሽታ ብቻ የሚሆን፣ ብቻውን የሚያምኑት ምልክት እስካሁን የለም። ሐኪሞች በየዕለቱ የሚጠቀሙት ያው የእኔን ፖስታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ የሙኒክ ጥናት አለ። የተለያየ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ያለባቸው 176 ሰዎች ቢኤንፒያቸው ተለካ። ከአራቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑት ጉልህ የሳንባ የደም ግፊት ነበረባቸው። የደም ምርመራው ግፊቱ ካለባቸው 100 ሰዎች 85ቱን ያገኛል፤ ከሌለባቸው 100 ሰዎች 88ቱን በትክክል ነፃ ያወጣል። ተማሪ ብሆን «ግሩም ምርመራ» ብዬ አልፈው ነበር። ያን ሌሊት ግን 15ቱ ላይ ቆምኩ። በሽታው እያለባቸው ማሽኑ ቀይ ቀስት የማያደርግባቸው ሰዎች ናቸው። ከእነሱም ውስጥ ሊጋግሩ፣ ሊወቅጡ፣ ዳገት ሊወጡ የተመለሱ ይኖራሉ።

ምርመራውን ግን አልጠላሁትም። ዛሬም በየቀኑ እሠራዋለሁ። ሐኪሙ ጥያቄ ይዞ ሲልከው ብዙ ይናገራል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን የበሽተኛው አደጋ እንደሚከፋ ጥናቶች አሳይተዋል፤ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላም መንገዱን ለመከታተል ይጠቅማል። ጥፋቱ የማሽኑ አልነበረም። ማሽኑ የተጠየቀውን መልሷል።

*

ሕክምናው ተአምር የለውም። ውሃ የሚያስሸና መድኃኒት፣ የሚነፋ መድኃኒት፣ ኦክስጅን። ኦክስጅኑ ለስሙ የሚሰካ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካ ውስጥ፣ በ1981 ደግሞ ብሪታንያ ውስጥ የታተሙ ጥናቶች በሲኦፒዲ ምክንያት ኦክስጅናቸው በጣም የወረደ ሰዎች በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት ሲወስዱ ዕድሜያቸው እንደሚረዝም አሳይተዋል። ለሌላው ዓይነት የሳንባ የደም ግፊት የሚሰጡ ክኒኖችን ሐኪሙ አላዘዘም። ከሳንባ በሽታ ለመጣው ብዙዎቹ አይረዱም፤ የሚጎዱም አሉ።

«ኦክስጅን ባለበት ቤት እሳት የለም» ሲላት እናቴ ቀና ብላ አየችው። ስለ ልቧ ሲነገራት ያላለቀሰችው ሴት ለምጣዷ አለቀሰች።

«ምን ሆኜ ልቀመጥ?» አለች።

ማናችንም አልመለስንላትም። ታላቅ እህቴ አዳማ ነው የምትኖረው። አዳማ ከደብረ ብርሃን ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ናት፤ አየሩ ወፈር ይላል። እዚያ ሄደች። ኦክስጅን የሚያመርተውን ማሽን ሦስታችን ተዋጥተን ገዛን። የወንድሜን ክፍያ ከእህቴ ጋር ተካፈልነው። እችለዋለሁ ብዬ አስቤው የማላውቀው ነገር ነበር፤ ተቻለ። ምን ያህል ቀድሞ ሊቻል ይችል እንደነበር ላለማስላት እሞክራለሁ። መብራት ሲጠፋ እህቴ ወደ ተጠባባቂው ሲሊንደር ትሮጣለች፤ እናቴ ደግሞ ከአልጋዋ ሆና «ቀስ በይ፣ አልሞትም» ትላታለች። ቆላው አልተስማማትም። ትንኙን፣ ሙቀቱን፣ «ዓይን የሌለው» ያለችውን የሱቅ እንጀራ ትራገማለች። ስትራገም ትንፋሿ አይቆራረጥም።

ከሦስት ወር በኋላ ለቀጠሮ መጣች። ኮሪደር ላይ ስድስት ደቂቃ አስኬዷት። በመጀመሪያው ጊዜ 190 ሜትር ሄዳ ነበር፤ አሁን 260። ደሟ 610።

«ስንት አለ ማሽንሽ?» አለችኝ።

«ወርዷል።»

«ዳንኩ በያ!»

ጋግሪ ያልኳት ምላሴ እዚሁ አፌ ውስጥ ነው። «አልዳንሽም፣ እማዬ» አልኳት። «ግን ይሻልሻል። ይልቅ ንገሪኝ፤ ከቤት ቤተ ክርስቲያን ድረስ ስትሄጂ ስንት ቦታ ታርፊያለሽ?»

ቆም ብላ በጣቷ ቆጠረች። «አንድ። ዛፏ ሥር። እሱም ደክሞኝ አይደለም፤ ወሬ ይዞኝ ነው።»

ሐኪሙ ሰምቶ ካርዷ ላይ ጻፈው።

*

ከፋሲካ በኋላ ቤቱን ልንዘጋ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ማድቤቱ ውስጥ ገባሁ። ጣራውም ማገሩም በጥቀርሻ ከመጥቆሩ የተነሣ ያብረቀርቃል። ምጣዱን ለጎረቤታችን እንድሰጥ ነበር የታዘዝኩት፤ የእናቴን ደንበኞች የተረከቡት እሳቸው ናቸው። ተሸክሜ ስደርስ ምድጃቸው ላይ ነበሩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ልጃቸው፣ አሥራ አንድ ዓመት ቢሆናት ነው፣ በጉልበቷ ተንበርክካ እፍ ትላለች። ዓይኗ ቀልቷል።

ወጥተው ሳሙኝ። ስለ እናቴ ጠየቁኝ፤ እየሳሉ።

«እትዬ» አልኳቸው፣ «ወፍጮ ቤት ሲሄዱ ስንት ቦታ ያርፋሉ?»

ሳቁ። «አይ አንቺ ልጅ፤ ሁለት። ዕድሜ ነው እንግዲህ።»

ምጣዱን ግድግዳ አስደግፌ አስቀመጥኩና በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። እሳቸው «ኧረ ንፋሱ!» አሉ። በማግሥቱ ሰኞ ነበር። ጠዋት ጤና ጣቢያ አብሬያቸው እንድሄድ ተቀጣጠርን።